ጓሮው ጫካ ሆኗል፤ ከየት ልጀምር?

ጽጌ_ጓሮ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለዓመታት ያልተነካ 200 ካሬ ሜትር የሚሆን ጓሮ ለማጽዳት እየተዘጋጀሁ ነው፤ በዚህ ሥራ ፍጹም ጀማሪ ነኝ። ሳሩና ሙጃው ወገብ ይደርሳል። በአንዱ አጥር በኩል ሐረግ ዛፍ ላይ ወጥቶ አናቱን ሸፍኖታል። መሃል ላይ እሾሃማ ቁጥቋጦ አለ፣ ከሥር ሰርዶ ይታያል። ያሉኝ መሣሪያዎች ማጭድ፣ ዶማና አካፋ ናቸው። መጀመሪያ ምን ይነካል? የተቆረጠው ሁሉ የት ይገባል? በሞተር ማረሻ አስገልብጬ ብገላገልስ? መድኃኒት ማስረጨትስ?

ባለ_ዶማ፦
ጽጌ፣ ሳትጀምሪ መጠየቅሽ ጥሩ ነው። ዶማውን ለጊዜው ግድግዳ ላይ አስደግፊው፤ የሚፈለገው መጨረሻ ላይ ነው።

መጀመሪያ በዝግታ ዙሪያውን ዙሪና የሚቀሩት ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ላይ ደማቅ ቀለም ያለው የጨርቅ ቁራጭ እሰሪባቸው። አጨዳ ከተጀመረ በኋላ አረንጓዴው ሁሉ አንድ ይመስላል፤ ደህናው ችግኝም ከአረሙ ጋር ይሄዳል። የማታውቂውን ተክል አትቁረጪ፤ አበባ ወይም ፍሬ እስኪያሳይ ምልክት አድርገሽ እለፊው። በዚያው ዙር የሴፕቲክ ታንክ ክዳን፣ የውሃ ቧንቧ፣ የተቀበረ የኤሌክትሪክ ገመድ ወይም ያረጀ ጉድጓድ ካለ ካስማ ትከዪበት። ሳር የሸፈነው የዛገ ክዳን የሰው ክብደት አይችልም።

ከዚያ ቆሻሻው ይለቀማል፦ የጠርሙስ ስባሪ፣ ቆርቆሮ፣ ሽቦ። ቀጥሎ ለስላሳው ሳርና ሙጃ ይታጨዳል፤ ቀጥሎ ሐረጉ፣ ከዚያ ቁጥቋጦው። ጉቶና ሥር መጨረሻ ነው። መሬቱ ሳይታይ ቁጥቋጦ ውስጥ መግባት እግርን ለሚስማር መስጠት ነው።

ሳሩን በአንድ ጊዜ ከመሬት እኩል አትላጪው። በመጀመሪያው ዙር እስከ ጉልበት እጨጂ፣ የወደቀውን አንሺና መሬቱን አስተውዪ፣ በሁለተኛው ዙር ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር አስቀርተሽ ቁረጪ። ድንጋዩና ሽቦው ብቅ የሚለው በሁለቱ ዙሮች መካከል ነው። የሳር ማጨጃ ሞተር የምትከራዪ ከሆነ ከዚህ በፊት አይግባ፤ ሽቦ ይጠመጠምበታል፣ የሚያስፈነጥረው ጠጠርም ሩቅ ይሄዳል። ሞተሩ ሲሠራ በ15 ሜትር ውስጥ ሌላ ሰው መኖር የለበትም።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በፊት ያዢ፦ በጉዝጓዝ (በገለባ ወይም በደረቅ ቅጠል) የምትሸፍኚውን ያህል ብቻ ግለጪ። ማጨዱን 200 ካሬውን በሙሉ እጨጂው፣ ችግር የለውም። ሥር ነቅሎ አፈር ማራቆቱ ግን በ2 በ2 ሜትር ቁራጭ ይሁን፤ አንዱ ተነቅሎ ሳይሸፈን ወደ ሌላው አይታለፍም። ባዶ አፈር ላይ ብርሃን ሲያርፍ ተኝቶ የቆየው የአረም ዘር ይነሳል። ጓሮውን በሙሉ ገልብጦ የጨረሰ ሰው መጨረሻው ጥግ ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ጥግ አረንጓዴ ሆኖ ይጠብቀዋል።

ሞረድ_አይጠፋም፦
መሣሪያ ላይ ልጨምር። የጎደሉሽ አራት ናቸው፦ የአትክልት መቀስ፣ ባለ ረጅም እጀታ የቅርንጫፍ መቁረጫ፣ የእጅ መጋዝና ባለ አራት ጥርስ የመቆፈሪያ ሹካ። መቀሱ እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ ባለ ረጅም እጀታው እስከ 4 ይቆርጣል፤ ከዚያ በላይ የመጋዝ ነው። መቀሱን ከአቅሙ በላይ እየጠመዘዝሽ ካስገደድሽው ምላጮቹ ይራራቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ያኝካል እንጂ አይቆርጥም።

ማጭዱ ይሳል። ደነዝ ማጭድ ሳሩን ከመቁረጥ ይልቅ ይጎትተዋል፤ ሲያመልጥ ደግሞ የሚመጣው ወደ ጉልበት ነው። ምላጩ ጥርስ የሌለው ከሆነ ሞረድ ኪስሽ ውስጥ ይኑርና በየ20 ደቂቃው ሦስት አራቴ አሳልፊበት፤ ሁልጊዜ ስለቱ ባለበት ገጽ፣ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ። ስታጭጂ ግራ እጅሽ የሳሩን ጭብጥ ከፍ አድርጎ ይያዝ፣ አውራ ጣትሽ ወደ ላይ ይቁም፤ ምላጩ ከእጅሽ ቢያንስ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ይግባና ከታች ወደ ጎን ይሳብ። አብዛኛው ማጭድ ለቀኝ እጅ የተሳለ ነው፤ ግራኝ ከሆንሽ ከመጀመሪያው የግራ ማጭድ ፈልጊ።

ወፍራም የቆዳ ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ ረጅም እጅጌ፣ መነጽር። መነጽሩን ሰው ይንቀዋል፤ ተወጥሮ የኖረ ሐረግ ወይም እሾሃማ ቅርንጫፍ ሲቆረጥ ግን ተመልሶ የሚገርፈው ፊትን ነው። የቴታነስ ክትባትሽ ጊዜው ካለፈ ከሥራው በፊት አድሺው። አደጋው ዝገቱ ሳይሆን አፈር የነካው ጥልቅ ውጋት ነው፤ እሾህም ያንኑ ያደርጋል።

ጥላ_ዛፍ፦
እባብ የሚባል ነገር እንዳለ ረሳችሁት? ጽጌ፣ ዙሪያውን ከብበሽ እያጨድሽ ወደ መሃል አትምጪ፤ ያለው ፍጡር ሁሉ እየሸሸ በመጨረሻው ቁራጭ ውስጥ ይጠራቀምና እዚያ ትገናኛላችሁ። ከአንድ ጫፍ ጀምረሽ ወደ ክፍት መውጫ እየነዳሽ ሂጂ። ከእያንዳንዱ እርምጃ በፊት በረጅም ዱላ ሳሩን ምቺ። የማይታይ ቦታ ውስጥ እጅ አይገባም፤ ድንጋይና ቆርቆሮም በእጅ ሳይሆን በዶማ ጫፍ ወደ ራስሽ ተስቦ ይነሳል፤ የተነሳው ጠርዝ በተቃራኒው በኩል ይሁን።

ንብና ተርብ ለማየት ፀሐይ ሞቅ ሲል አሥር ደቂቃ ቆመሽ ተመልከቺ። ወደ አንድ ነጥብ የሚመላለስ ካየሽ ያንን ጥግ ተዪውና ባለሙያ ጥሪ። በሐረጉ ውስጥ እንቁላል ወይም ጫጩት ያለበት የወፍ ጎጆ ካለም ጫጩቶቹ እስኪበሩ ያ ክፍል ይቆይ።

ዘርና_ሥር፦
ሞተር ማረሻው? ሰርዶ ባለበት በፍጹም።

ሰርዶ በሁለት መንገድ ይሄዳል፦ ከአፈሩ በላይ እየተሳበ፣ ከአፈሩ በታች ደግሞ ነጭና ሹል ጫፍ ባለው ግንድ። የታችኛውን አንድ ቁራጭ አንስተሽ ብታዪው እንደ ሸንበቆ አንጓ አንጓ ነው፤ እያንዳንዱ አንጓ ሥርና ቡቃያ ማውጣት ይችላል። ሞተር ማረሻው አንዱን ሜትር ርዝመት ያለው ግንድ ሃያ ሠላሳ ቦታ ይከትፈዋል፣ ከዚያ በለሰለሰ አፈር ውስጥ በትኖ ይቀብርልሻል። ለሁለት ሳምንት ጓሮው የተዋበ ይመስላል፤ ከዚያ ከየቁራጩ ይበቅላል። ዶማም በትንሹ ያው ነው፤ ሹካ የተመከረውም ለዚህ ነው፦ ግንዱን ሳይቆርጥ ከአፈሩ ጋር ያነሳዋል።

አነሳሱ እንዲህ ነው፦ ሹካውን በእግርሽ ሙሉ ለሙሉ አስገቢ፣ እጀታውን ወደ ኋላ ተጫኚ፣ አፈሩ ሲሰነጠቅ ጓሉን አንስተሽ አራግፊ፣ ነጩን ግንድ ከጫፍ እስከ ጫፉ በእጅ ተከታተዪው። ሲበጠስብሽ ቁም ነገሩ የቀረውን ጫፍ መፈለግ ነው። አብዛኛው በላይኛው 20 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይገኛል፤ በላላ አፈር ግን ጠልቆ ይሄዳል፣ ስለዚህ በአንድ ዙር ያልቃል ብለሽ አትጠብቂ። የሚወጣ አዲስ ቡቃያ ሁሉ ሦስት አራት ቅጠል ሳያወጣ ይነቀል፤ ቅጠሉ ሥር መቀለብ ከጀመረ የደከመው ግንድ ያገግማል።

አፈሩ ከዝናብ ወይም ከውሃ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ሲቆይ ነው ለዚህ ሥራ የሚመቸው። እፍኝ አፈር ጨብጪና በጣትሽ ንኪው፤ ከተፈረካከሰ ሥሪ፤ እንደ ጭቃ ከተለጠፈ ቆዪ፣ ስትረግጪው ይጠቀጠቃል። ደርቆ ድንጋይ ከሆነ ደግሞ ሥሩ ሁሉ እየተበጠሰ ይቀራል።

እንግጫ ካለሽ ግን ጨዋታው ሌላ ነው። ግንዱን በጣቶችሽ መሃል አንከባልዪው፤ ሦስት ማዕዘን ካለው እንግጫ ነው። ከሥሩ ትናንሽ እንቡጥ መሳይ ድብልብሎች አሉት፤ ስትጎትቺው ላዩ ይመጣል፣ እነሱ ይቀራሉ፣ ከዚያ ይበቅላሉ። እሱን መቆፈር ያለብሽ ቡቃያው ገና ለጋ ሳለ፣ አዲስ ድብልብል ሳይሠራ ነው።

ጉዝጓዝ_ብቻ፦
ይህን ሁሉ ለምን ትቆፍራላችሁ? ሳሩን ከመሬት እኩል አጭዶ ካርቶን ማንጠፍ ነው። ስኮቹና የስቴፕል ሽቦው ይነሳል፣ ቀለም የተቀባና የሚያብለጨልጭ ካርቶን አይገባም። አንዱ በሌላው ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ይደረብ፣ በደንብ ውሃ ይጠጣ፣ ከላይ 10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ገለባ፣ ደረቅ ቅጠል ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ ይልበስ። ብርሃን ያጣ ሳር ይሞታል፣ አፈሩም ይለሰልሳል። ወገብ አያሳምምም።

ባለ_ዶማ፦
@ጉዝጓዝ_ብቻ ዕድሜው አንድ ዓመት ብቻ ለሆነ አረም እስማማለሁ፤ ከዚያ የተሻለ ዘዴ የለም። ሰርዶ ግን በካርቶኑ ሥር ብርሃን ፍለጋ ወደ ጎን ይሄድና በጠርዙ ወይም በመደራረቢያው ይወጣል። ካርቶኑ ደግሞ በጥቂት ወራት ይበሰብሳል፤ ሰርዶ ያን ያህል ይታገሳል።

ጉዝጓዝ_ብቻ፦
ጠርዙን ከአልጋው (ከሚተከልበት መደብ) 50 ሴንቲ ሜትር አሳልፋችሁ ካነጠፋችሁት፣ ካርቶኑንም ሁለት ድርብ ካደረጋችሁት ይዳከማል። ብቅ ያለውን እየተከታተሉ መንቀል ግን የግድ ነው፣ እሱን አልክድም። የለሰለሰ አፈር ውስጥ ደግሞ የሚነቀለው በጣት ነው።

ዘርና_ሥር፦
ሁለታችሁንም የሚያስታርቅ፦ አልጋ ለሚሆነው ትንሽ ቁራጭ ቆፍሮ መልቀም፣ ለቀረው ሰፊ ቦታ ካርቶንና ጉዝጓዝ። በመካከላቸው አንድ የአካፋ ስፋት ያለው 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ይኑርና በየሳምንቱ ይታይ፤ የሚሻገረው ሰርዶ ባዶ ቦይ ላይ ያስታውቃል።

በጣም ሞቃትና ፀሐያማ ወቅት ካለሽ ሌላ አማራጭ አለ። መሬቱን ታጭጃለሽ፣ ታስተካክያለሽ፣ በደንብ ታጠጫለሽ፣ ከዚያ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ከአፈሩ ጋር አጣብቀሽ ትዘረጊና ጠርዞቹን ዙሪያውን በአፈር ትቀብሪያለሽ። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። ጥቁር ፕላስቲክ አይሁን፤ ጥቁሩ የሚሠራው ብርሃን በመከልከል ነው፣ ብርሃን የሚያሳልፈው ግን አፈሩን ራሱን ያሞቀዋል። ደረቅ አፈር ሙቀት ወደ ታች አያወርድም፣ ውሃው ለዚህ ነው። የላይኛውን ዘር በደንብ ይገድላል፤ ጠልቆ ያለ ሰርዶንና እንግጫን ያደክማል እንጂ አይጨርስም።

ጽጌ_ጓሮ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ማረሻው ቀርቷል። መድኃኒቱንስ? ጎረቤት ጨውና ኮምጣጤ በቂ ነው ይላሉ።

ችግኝ_ቤት፦
ጨው በፍጹም። አረሙን ብቻ አይደለም፣ አፈሩን ነው የሚገድለው፤ ዝናብ ሲያጥበውም ወደ ዛፎቹ ሥር ይሄዳል። ኮምጣጤ የነካውን ቅጠል ያቃጥላል፣ ሥሩ ጋ አይደርስም፤ ለለጋ ቡቃያ ካልሆነ ጥቅም የለውም። የተቃጠለ ዘይትና ናፍጣ የሚያፈሱም አሉ፤ ምግብ የሚበቅልበት መሬት ላይ ያንን ማድረግ ነውር ነው።

ግላይፎሴት የሚባል አረም ገዳይ ኬሚካል ያለባቸው መድኃኒቶች በቅጠል ገብተው ወደ ሥር ይወርዳሉ፤ በሰርዶ ላይ የሚሠሩትም ለዚህ ነው። ጀማሪ የሚሳሳተው ግን ሳሩን አጭዶ በማግስቱ መርጨቱ ላይ ነው፤ የሚቀበል ቅጠል የለማ! 15 ሴንቲ ሜትር ያህል መልሶ እስኪያድግ መጠበቅ አለበት። በድርቅ የተንገላታ ወይም አቧራ የለበሰ ቅጠል አይጠጣውም፤ በደፈረሰ ውሃ ከተበጠበጠም ከጭቃው ጋር ተጣብቆ ኃይሉን ያጣል። ከተረጨ በኋላ ቢጫ እስኪሆን አንድ ሁለት ሳምንት ይወስዳል፤ «አልሠራም» ብሎ መድገም ብክነት ነው። ደግሞ አይመርጥም፤ በነፋስ የተወሰደ ጠብታ ጽጌረዳሽንም ይገድላል።

ጤናው ላይ ክርክር አለ። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 በሰው ላይ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ከሚባሉት ምድብ አስገብቶታል፤ የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትና ሌሎች ተቆጣጣሪዎች ግን በዚህ አልተስማሙም። የእኔ አስተያየት፦ 200 ካሬ ሜትር በሹካና በካርቶን የሚያልቅ ሥራ ነው። ካስረጨሽ ግን መለያው ላይ ከተጻፈው መጠን በላይ አይበጥበጥ፣ ረጪው ጓንትና መነጽር ይልበስ፣ ነፋስ ባለበት ቀን አይረጭ።

ጥላ_ዛፍ፦
ወደ ሐረጉ። አትጎትቺው! እርጥብ ሐረግ ከቅርንጫፍ ጋር ተቆላልፎ ነው ያለው፤ ስትጎትቺ ቅርንጫፉን ሰብሮ ነው የሚመጣው፣ አንዳንዴም አናትሽ ላይ። ግንዱን ከመሬት አጠገብና ደረትሽ አካባቢ ሁለት ቦታ ቁረጪ፣ መካከለኛውን አውጪ። ክፍተቱ መኖሩ እርግጠኛ ያደርግሻል፤ አንድ የተረሳ ቀጭን ሐረግ ካለ ላዩ ለምልሞ ይቀጥላል። የላይኛው ደርቆ እስኪሰባበር ሳምንታት ተዪው፤ ያኔ በቁርጥራጭ ይወርዳል። ያልወረደውም ቢቀር ዛፉን አይጎዳም።

ዛፉ ላይ የሚገረዝ ቅርንጫፍ ካለ በሦስት ቁርጥ ነው። አንደኛው ከግንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ ከሥር ወደ ላይ፣ የውፍረቱን ሩብ ያህል። ሁለተኛው ከዚያ ጥቂት ወደ ውጭ፣ ከላይ ወደ ታች፤ ቅርንጫፉ እዚህ ይወድቃል። ሦስተኛው የቀረውን ቁራጭ፣ ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር የሚጋጠምበት ያበጠ አንገት ሳይነካ፣ ከአንገቱ ወዲያ። የታችኛው ቁርጥ ካልቀደመ ቅርንጫፉ በክብደቱ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት እስከ ታች ይልጠዋል። አንገቱ ከተቆረጠ ደግሞ ቁስሉ አይዘጋም። ቀለም መቀባትም አያስፈልግም። በአንድ ዓመት ከአናቱ ከሩብ በላይ አይወሰድ። መሰላል የሚፈልገውንና የኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ያለውን ለባለሙያ ተዪ።

ባለ_ዶማ፦
እሾሃማው ቁጥቋጦ ደግሞ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከላይ ወደ ታች ይቆረጣል፤ ክንድ በሚያህል ቁራጭ፣ እየተነሳ። ግንዱን ግን መሬት ላይ አትጨርሺው! 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት አስቀሪለት፤ ጉቶውን ስትነቅዪ እንደ ማንሻ የምትወዘውዢው እሱን ነው። ከግንዱ 40 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብለሽ ዙሪያውን ቦይ ቆፍሪ፣ የሚታየውን ሥር ሁሉ በመጋዝ ወይም በዶማ ምላጭ ቁረጪ፣ ከዚያ ግንዱን ይዘሽ ወዲያ ወዲህ አድርጊ። እንቢ ያለበት አቅጣጫ ላይ ያልተቆረጠ ሥር አለ ማለት ነው፤ እዚያ ጋ ቆፍሪ። መጋዙ አፈር የለበሰ ሥር ላይ ቶሎ ይደነዝዛል፣ አሮጌውን ተጠቀሚ።

ከጭንሽ የወፈረ ጉቶ ከሆነ አትታገዪው። ከመሬት እኩል ቁረጪና የሚያቆጠቁጠውን ቡቃያ በየሁለት ሳምንቱ ገንጥዪ። ቅጠል ያጣ ሥር ውሎ አድሮ ያልቃል፤ ጊዜ ይወስዳል፣ አንዳንዱ ከዓመት በላይ።

ጽጌ_ጓሮ፦
የተቆረጠውስ? ክምሩ ከአሁኑ አስፈርቶኛል። ማቃጠል ይሻላል?

ብስባሽ፦
አታቃጥዪ። እሳት ሥሩን አይነካም፤ እርጥቡ ክምር ደግሞ የሚሰጠው ጭስ ነው፣ በውስጡ መርዛማ ተክል ካለ ጭሱም መርዝ ነው።

በአራት ክምር ለዪው። ዘር ያልያዘ ለስላሳ ሳርና ቅጠል ለኮምፖስት። ቀጭን እንጨት ተከታትፎ ለመተላለፊያ ጉዝጓዝ። ወፍራም እንጨት ለብቻ። አራተኛው ሰርዶ፣ እንግጫና ዘር ያንጠለጠለ ነገር ሁሉ ነው፤ እሱ ኮምፖስት ውስጥ አይገባም። ሰርዶውን በሲሚንቶ ወይም በቆርቆሮ ላይ አስጥተሽ፣ ስታጥፊው ቀጭ ብሎ እስኪሰበር አድርቂ። አፈር ላይ የተሰጣ ሰርዶ ሌሊት ጤዛ ጠጥቶ ሥር ይሰዳል። ዘር ያለውን አናት ከማጨድሽ በፊት በመቀስ ቆርጠሽ ጆንያ ውስጥ ክተቺ፤ ማጭድ ከመጣ በኋላ ዘሩ ተራግፏል።

ኮምፖስቱ 1 ሜትር በ1 ሜትር በ1 ሜትር ካላነሰ ይሞቃል። በመጠን አንድ እጅ እርጥብ አረንጓዴ ለሁለት ሦስት እጅ ደረቅ ቡናማ። የታጨደ ሳር ብቻ ከተከመረ ይጣበቅና ይሸታል፤ ሽታ ከመጣ ደረቅ ጨምሪና ገልብጪው። ሲጨበጥ እንደተጨመቀ ስፖንጅ መሆን አለበት። መሃሉ ከ55 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ለቀናት ቆይቶ፣ ተገላብጦ ዳሩ ወደ መሃል ካልገባ የአረም ዘር አይሞትም፤ ለዚህ ነው ጀማሪ ዘር ያለውን እንዳይጨምር የምመክረው።

ችግኝ_ቤት፦
ስለ መርዛማ ከተነሳ፦ የቅንጭብ ወተት ዓይን ከነካ ለጊዜው እስከ ማሳወር ይደርሳል፤ ያለ መነጽር አይቆረጥ፣ ከነካሽ በብዙ ውሃ ታጠቢና ወደ ሐኪም። የጉሎ ፍሬና አስተናግር ልጆች የማይደርሱበት ይሁኑ። የወፍ ቆሎ (ላንታና የሚባለው ቁጥቋጦ) ቅጠል ለከብትም ለበግም ለፍየልም መርዝ ነው፤ «ለከብት ይሆናል» ተብሎ በአጥር እንዳይወረወር። ሳማ ደግሞ አያስፈራ፤ ዘር ሳያወጣ ከታጨደ ለኮምፖስቱ ግሩም ነው።

ጽጌ_ጓሮ፦
የመጨረሻ ጥያቄ። የኋላው ሲሶ ተዳፋት ነው። እሱም በ2 በ2 ሜትር ይሁን? አልጋው ከተነቀለ በኋላስ ወዲያው ይዘራል?

ባለ_ዶማ፦
ተዳፋቱ ላይ በካሬ ሳይሆን ቁልቁለቱን በሚያቋርጥ ጠባብ ድርድር ሥሪ፤ ከ1 ሜትር ያልበለጠ ነቅለሽ ከሥሩ 1 ሜትር የታጨደ ሳር ከነሥሩ አስቀሪ። ከላይ የሚታጠበውን አፈር ያ ሳር ይይዘዋል። ከባድ ዝናብ በሚጥልበት ወቅት ተዳፋቱን አጭደሽ ብቻ ተዪው፣ ሥሩ አይነካ። የላይኛው ድርድር ተተክሎ ሲይዝ ያስቀረሽውን ሳር ትነቅያለሽ። ጉዝጓዙ በጎርፍ እንዳይሄድ ወፍራሙን እንጨት ቁልቁለቱን አግድም አስተኚና በካስማ ያዢው፤ @ብስባሽ ለብቻ ያስቀመጠው ክምር ሥራ አገኘ ማለት ነው።

ዘርና_ሥር፦
ወዲያው አትዝሪ። አልጋውን ጥርስ ባለው መጥረጊያ (ሬክ) አስተካክዪ፣ እንደሚዘራ አጠጪው፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ሳምንት ጠብቂ። የላይኛው አፈር ውስጥ ያለ አረም ይበቅልልሻል። አፈሩን በጣትሽ ጫር አድርጊው፤ ነጭ ክር የመሰለ ቡቃያ ካየሽ ጊዜው ደርሷል። ፀሐያማ ጠዋት ላይ መኮትኮቻውን 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ አስገብተሽ ጫሪው፣ በዚያው ቀን ይደርቃል። ጠልቀሽ ከቆፈርሽ ከታች አዲስ ዘር ታወጫለሽ። ከቻልሽ አንዴ ድገሚው፤ ከዚያ ዝሪ ወይም ችግኝ ትከዪ፣ ጉዝጓዙንም መልሺ። ከዛፎቹ ግንድ ግን 10 ሴንቲ ሜትር ራቅ ይበል፤ ቅርፊት ላይ የተከመረ ጉዝጓዝ ያበሰብሰዋል።

ጽጌ_ጓሮ፦
ገባኝ። ነገ ጨርቅና ካስማ ይዤ እዞራለሁ። እሾሃማው የወፍ ቆሎ ይሁን አይሁን ፎቶ እለጥፋለሁ።

ችግኝ_ቤት፦
ቅጠሉን ከላይና ከታች፣ አበባ ካለው አበባውን፣ ግንዱንም ከቅርብ አንሺው። በጓንት አሸት አድርጊና ሽታውን ጻፊልን። የወፍ ቆሎ ግንዱ አራት ማዕዘን ነው፣ ቅጠሉ ሻካራና ሲታሽ ኃይለኛ ሽታ ያለው፤ በአንድ እቅፍ ውስጥም ሁለት ዓይነት ቀለም ያላቸው አበቦች ይታዩበታል።